በር ላይ የሚቆጥረው ፌስታል

ይህ ነገር የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት፣ ብርዱ ሊጠነክር ሲል፣ በአንድ እሑድ ጠዋት ነው። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም። እንደዚያ ቀን አፍሬም አላውቅም። ስቄም እንደዚያው። ሦስቱም በአንድ ጠዋት ስለመጡብኝ ይመስለኛል እስካሁን ከአእምሮዬ ያልወጣው።

ስሜ ትዕግሥት ነው። ወደ ቶሮንቶ የመጣሁት ባለቤቴ ስፖንሰር አድርጎኝ ሲሆን የምንኖረው ዌስተን ሰፈር፣ አንድ ያረጀ አፓርትመንት ውስጥ ነው። አገር ቤት ሳለሁ አስተማሪ ነበርኩ። እዚህ ወደ ማስተማር ለመመለስ ስንት ዓመት እንደሚፈጅ ሲነግሩኝ ተስፋ ቆረጥኩና የሴኩሪቲ ላይሰንስ አወጣሁ። የቀጠረኝ ካምፓኒ መጀመሪያ ኢቶቢኮ አንድ መጋዘን በር ላይ አቆመኝ። ጥቂት ወር ቆይቶ ደግሞ ወደ አንድ ምኩራብ ላከኝ።

ለእናቴ በስልክ ስነግራት፣ "ምኩራብ ስትይ፣ ወንጌሉ ላይ ያለው?" አለችኝ።

"አዎ እማዬ፣ አይሁዶች የሚጸልዩበት።"

"እስካሁን አለ እንዴ?"

በጣም ሳቅኩ። እሷ ግን አልሳቀችም። "የጸሎት ቤት ዘበኛ ምን ያደርግለታል?" አለች።

እኔም መጀመሪያ የገረመኝ ይሄው ነበር። በኋላ ነው የገባኝ፤ ሰዎቹ ዛቻ ይደርስባቸዋል። ለዚህ ነው በራቸው ላይ ሰው የሚያቆሙት። ረቢው፣ ማለትም የሃይማኖት መሪያቸው፣ ገና ወጣት ነው፤ ሁለት ትንንሽ ልጆች አሉት። በመጀመሪያው ቀን እጄን ጨብጦ እንዲህ አለኝ፦ "ሥራሽ ምንም ነገር እንዳይሆን ነው። ምንም ካልሆነ ሥራሽን ሠርተሻል ማለት ነው።" ቀላል ሥራ መሰለኝ።

ማኅበሩ ትንሽ ነው። የሚበዙት አረጋውያን ናቸው፤ ልጆች ያሏቸው ጥቂት ቤተሰቦችም አሉ። እሑድ ጠዋት ልጆቹ ላይኛው ፎቅ ዕብራይስጥ ይማራሉ። ሁሉም ሁሉን ያውቃል። የታመመ ካለ ሾርባ ይዘውለት ይሄዳሉ፤ የሞተ ካለ ቤቱ ሄደው ይቀመጣሉ። የእኛን ሰፈር እድር ነው ያስታወሰኝ።

በዚያ ሰሞን የሕንፃው ማሞቂያ ተበላሽቶባቸው ነበር። ቦይለሩ ከሕንፃው ጋር አብሮ ያረጀ ነው፤ ከዚህ በኋላ የሚጠገን አይደለም፣ አዲስ ግዙ ተባሉ። ሰዉ ካፖርቱን ሳያወልቅ መጸለይ ጀመረ። ስለዚህ ባዛር ሊያዘጋጁ ወሰኑ። ዕቃ ያለው ዕቃ፣ መጋገር የሚችል ኬክ፣ ጉልበት ያለው ጉልበቱን ያመጣል። ለሳምንታት ወሬያቸው ሁሉ ይሄ ሆነ።

የባዛሩ አለቃ ሚስ ሩት ነበሩ። ሰማንያን ያለፉ፣ ቁመታቸው ከትከሻዬ የማይደርስ ሴት ናቸው። "ሩት ብቻ በይኝ" ይሉኛል፤ እኔ ግን አፌ እምቢ ይለኛል። በየሺፍቴ ሻይ አምጥተው እጄ ላይ ካላስያዙኝ አይሄዱም።

"ቁጭ ብለሽ ጠጪ" ይሉኛል።

"ሥራ ላይ መቀመጥ አልተፈቀደልኝም።"

"ማነው የከለከለሽ? ስሙን ንገሪኝና እኔ አናግረዋለሁ።"

ለባዛሩ የሚመጣው ዕቃ በሙሉ በዋናው በር፣ በእኔ በኩል፣ ተከፍቶ ታይቶ እንዲገባ ተስማምተን ነበር። ሚስ ሩት ራሳቸው ከጸሎት በኋላ ቆመው ለሰዉ ተናግረዋል። ሁሉም እሺ ብሏል።

እሑዱ ደረሰ። ልጆቹ ላይኛው ፎቅ ትምህርት ላይ ናቸው። ትልልቆቹ ከምድር በታች ባለው ቤዝመንት አዳራሽ ውስጥ ጠረጴዛ ይደረድራሉ። ረቢው እጅጌውን ሰብስቦ ወንበር ይሸከማል። ከኪችኑ የቀረፋ ሽታ እስከ በሩ ድረስ ይመጣል። በሩ ለሕዝብ ከመከፈቱ በፊት እንደተለመደው ሕንፃውን ልዞር ወጣሁ።

ከጎን በኩል ባለው በር ሥር ጥቁር የቆሻሻ ፌስታል ተቀምጧል። አፉ በወፍራም ቴፕ ተጠቅልሎ ታሽጓል። ቅድም ስዞር አልነበረም።

ስልጠናው ላይ የማታውቁትን ዕቃ አትንኩ ብለውናል። አልነካሁትም። የሰው ስም ተጽፎበት እንደሆነ ለማየት ብቻ ጎንበስ አልኩ። ደረጃው ላይ ስስ በረዶ ነበር። እግሬ ሸርተት አለና የጫማዬ ጫፍ ፌስታሉን ገፋው።

ፌስታሉ ተናገረ።

"ቴን" አለ። ወፍራም የወንድ ድምፅ ነው።

ጆሮዬን አላመንኩትም። ቀና ብዬ ዙሪያዬን አየሁ። ማንም የለም።

"ናይን" አለ ፌስታሉ።

"ኤይት" ሲል እኔ እዚያ አልነበርኩም።

ሰው እንዲህ ባለ ሰዓት ምን ያስባል ሲባል እሰማ ነበር። እኔ ያሰብኩት የልጄን የሄዋንን ጸጉር ነው። ጠዋት ሳልሠራላት ነው የወጣሁት፤ አባቷ ደግሞ ሹሩባ አይችልም። "ነገ ጸጉሯ እንደተንጨባረረ ትምህርት ቤት ልትሄድ ነው" እያልኩ ነው የሮጥኩት።

ዋናውን በር በርግጄ ገባሁ። በእንዲህ ያለ ጊዜ ምን እንደሚባል በእንግሊዝኛ አጥንቻለሁ፤ ፈተናም ወስጄበት አልፌያለሁ። ከአፌ የወጣው ግን ሌላ ነው።

"ውጡ! ውጡ! ኧረ በእግዚአብሔር ውጡ!"

እዚያ ሕንፃ ውስጥ አማርኛ የሚያውቅ አንድም ሰው የለም። ሁሉም ግን ገባው። ረቢው የተሸከመውን ወንበር ጥሎ ወደ ላይ፣ ወደ ልጆቹ ሮጠ። እኔ እጄን እያወናጨፍኩ ሰዉን ከጎኑ በር አርቄ ወደ ዋናው በር አስወጣለሁ።

ልጆቹ ተያይዘው ወረዱ። ካፖርት የለበሰ የለም። ሁለት ሁለት ሆነው፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ ድምፅ ሳያሰሙ ነው የወረዱት። አንድም ያለቀሰ የለም። ለካ ይለማመዱታል። እንደዚያ ፀጥ ብለው ሳያቸው አንጀቴን በሉት።

ሰው ወጥቶ አለቀ ብዬ ቤዝመንቱን ልይ ስወርድ ሚስ ሩት ኦቨኑ ፊት ቆመዋል።

"ሚስ ሩት፣ ይውጡ እባክዎ!" እንግሊዝኛዬ ተመልሶልኛል።

"ኩገሉ ትንሽ ይቀረዋል" አሉኝ። ኩገል ከፓስታና ከእንቁላል የሚጋገር ጣፋጭ ነው፤ የእሳቸውን ለመግዛት ሰው ከሩቅ ይመጣል።

"ውጪ ቦምብ ሊኖር ይችላል።"

ቀና ብለው አዩኝ። ኦቨኑን አጠፉ፤ የእጅ ቦርሳቸውን አነሱ፤ ክንዴን ያዙ። ደረጃው መሐል ላይ ስንደርስ ጉልበታቸው እምቢ አላቸው። ጊዜ አልነበረኝም፤ እንደ ሕፃን አቅፌ ተሸከምኳቸው። ክብደት የላቸውም። በጆሮዬ፣ "ይሄን ለማንም እንዳትናገሪ" ይሉኛል።

ወጣን። ቆጠራው ካለቀ ቆይቷል፤ የፈነዳ ነገር የለም። ግን በዚያ ማን ይጽናናል?

ረቢው ፖሊስ ኮል አድርጎ ነበር፤ ሳይቆዩ ደረሱ። "ራቁ፣ ከዚህ ራቁ" ብለው ሁላችንንም ወደ ዋናው መንገድ ገፉን። ንፋሱ ፊት ይልጣል። ልጆቹ በሹራብ ብቻ ናቸው፤ መንቀጥቀጥ ጀምረዋል። አዛውንቶቹ ካፖርታቸውን እያወለቁ ያለብሷቸዋል፤ ልጆቹን ሲያለብሱ እነሱ ይንቀጠቀጣሉ።

በዚህ መሐል ተራ የከተማ አውቶቡስ መጣ። ፖሊሱ መንገድ ተዘግቷል ብሎ እጁን ዘርግቶ አስቆመው። ሹፌሯ ወፈር ያለች፣ ጸጉሯን በረጅሙ የተጎነጎነች ሴት ናት። ልጆቹን በመስኮት አየቻቸው። ሁለቱንም በር ከፈተች።

"ምን ቆማችሁ ትጠብቃላችሁ? ግቡ እንጂ!"

ገባን። ተሳፋሪዎቹ ለሽማግሌዎቹ ተነሡላቸው። አንድ ሰውዬ የሥራ ጃኬቱን አውልቆ ሁለት ልጆች አንድ ላይ ጠቀለለበት። ሹፌሯ ፖሊሱ ወዳሳያት ቦታ፣ ማዕዘኑን ዞራ ራቅ ብላ አቆመችና ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ከፈተችው። ከቢሮ በራዲዮ ሲጠሯት፣ "ሞልቻለሁ፣ አልንቀሳቀስም" ስትል ሰማኋት።

አንድ ፖሊስ እኔን ጠየቀኝ።

"ምን ነበር የሰማሽው?"

"የወንድ ድምፅ። ወደ ታች ይቆጥራል።"

"ስንት ላይ ቆመ?"

"አላውቅም። ስምንት ላይ ሮጥኩ።"

"ጥሩ አድርገሻል" አለኝ፤ ፊቱ ላይ ምንም አይነበብም። ከዚያ ከባድ ልብስ የለበሱ ቦምብ አምካኞች መጡ። መንገዱ በሙሉ ታጠረ። ለባዛሩ የመጡ ሰዎች ከፖሊሱ ቢጫ ቴፕ ወዲያ ቆመው ይታዩኛል፤ አንዳንዶቹ መኪናቸውን አዙረው ሲሄዱም አየሁ። ያ ሁሉ የሳምንታት ልፋት እየሄደ መሰለኝ።

ሚስ ሩት አጠገባቸው አስቀመጡኝ። እጄን ይዘው አልለቀቁኝም። እንዲህ አሉኝ፦

"እኔ ወደዚህ አገር ስመጣ የልጅሽን ዕድሜ ነበርኩ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተረፍን አይሁዶች ነን። እናቴ በር በተንኳኳ ቁጥር እኔን ቁም ሣጥን ውስጥ ትከተኝ ነበር። እዚህ፣ ቶሮንቶ ውስጥ! የሚያንኳኳው ወተት አምጪው ነው። ጎረቤት ነው። በሩን ከፍታ፣ አመስግና፣ መልሳ ትዘጋዋለች። ከዚያ እኔን ታወጣኝና ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ እስክትደክም ትስቃለች።"

"አይሰለቻትም ነበር?"

"ምኑ? ወተት አምጪው መሆኑ? በፍጹም አልሰለቻትም።"

እጃቸውን አጥብቄ ያዝኩ።

በመጨረሻ ፖሊሱ ወደ አውቶቡሱ መጣ። አንድ እጁን ከኋላው ደብቋል። ደረጃው ላይ ቆመና እጁን ወደ ፊት አመጣው። የያዘው ቀይ የፕላስቲክ ሮኬት ነው። አፍንጫው ላይ ጥርሱን የሚያሳይ ጠፈርተኛ ተቀምጧል።

"ይሄ የማን ነው?" አለና አዝራሯን ተጫናት።

"ቴን" አለ ሮኬቱ፣ በዚያው ድምፅ። "ናይን። ኤይት..."

እስከ አንድ ድረስ ቆጠረ። ከዚያ "ብላስት ኦፍ!"፣ ማለትም ተወነጨፍን፣ ብሎ ጮኸ፤ ጅራቱ ላይ መብራት በራ፤ የልጆች ዘፈን መዝፈን ጀመረ።

መጀመሪያ የሳቀችው ሹፌሯ ናት። መሪው ላይ ተደፍታ ነው የሳቀችው። ቀጥሎ ልጆቹ ተቀላቀሉ። ከዚያ ሁሉም። ሚስ ሩት እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ከኋላ አንድ ልጅ፣ "እኔ ልውሰደው?" ሲል ሳቁ እንደገና ተነሣ።

እኔ ግን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ወርጄ ከአውቶቡሱ ኋላ ሄድኩና አለቀስኩ። ለአሻንጉሊት ሰው ሁሉ ብርድ ላይ አወጣሁ፤ መንገድ አዘጋሁ፤ ባዛራቸውን አበላሸሁ። ሥራዬም እዚያው አበቃ አልኩ።

እንደዚያ ቆሜ ሳለ አንድ ሽማግሌ ቀስ እያሉ መጡ። ሚስተር ሶል ናቸው፤ ከቅዳሜ ጸሎት የማይቀሩ፣ ሁልጊዜ ክራቫት የሚያስሩ ሰው። ፊታቸው አመድ መስሏል።

"የኔ ነው" አሉኝ። "የልጅ ልጄ ነበር፤ ስላደገ ለባዛሩ ይሁን ብዬ። ሐኪም ቤት ቀጠሮ ስለነበረኝ ቸኩዬ በጎን በሩ አስቀምጬው ሄድኩ፤ አሁን መመለሴ ነው። ስትዞሪ ታገኚዋለሽ ብዬ ነው። ቴፑን ያደረግኩት በረዶ እንዳይገባበት ነው። በሞትኩት ይሻል ነበር።"

"ኧረ እኔ ነኝ ይቅርታ መጠየቅ ያለብኝ" አልኳቸው።

"አንቺ? አንቺማ ሥራሽን ሠራሽ። በትክክል ሠራሽ።"

ሁለታችንም ይቅርታ እየተጠያየቅን ሳለ ሚስ ሩት ደረሱና ቁጣቸውን በሚስተር ሶል ላይ አወረዱት። "ቆሜ አልተናገርኩም? ከፊት ወንበር ላይ አልነበርክም? ራስህን ስትነቀንቅ አይቼሃለሁ!" ሽማግሌው እንደ ተማሪ አንገታቸውን ደፍተው ሰሙ፤ እኔም እንባዬን ሳልጠርግ እስኪያመኝ ሳቅኩ።

ስልኬ ጮኸ። ሱፐርቫይዘሬ ነው፤ ወሬው ደርሶታል። "ለመጫወቻ ነው ያን ሁሉ ፖሊስ ያስጠራሽው?" አለኝ። ይህን እያለኝ ረቢው እጁን ዘረጋ። ስልኩን ሰጠሁት።

"ሁላችንም ደህና ነን" አለው ረቢው። "አመሰግናለሁ። አይ፣ ቅሬታ የለኝም። ምን እንደሆነ ሳታውቅ ቤዝመንት ተመልሳ ገብታ አንዲት አሮጊት ተሸክማ ወጥታለች። ይሄንን ጻፉልኝ።"

"አሮጊት?" አሉ ሚስ ሩት። "ተሸክማ?" ብለው ወደ እኔ ዞሩ። ለማንም አልተናገርኩም ብዬ ማልኩላቸው። ሰው ሁሉ ያየው ነገር ነው።

የፖሊሱ ቴፕ ሲነሣ ያልጠበቅነው ሆነ። ምን ተፈጠረ ብሎ የወጣው ጎረቤት በሙሉ መንገዱ ላይ ቆሟል። ረቢው ደረጃው ላይ ወጥቶ፣ "ሁላችሁም በርዷችኋል። ውስጥም ይበርዳል፤ ግን ሻይ አለ፣ ኬክ አለ!" አላቸው። ሰዉ ሳቀና ገባ። ከአውቶቡሱ ተሳፋሪዎችም የገቡ ነበሩ። ሹፌሯ ሺፍቷን ጨርሳ ከሰዓት በኋላ ተመልሳ መጣች። መኪናቸውን አዙረው የሄዱትም ወሬውን ሰምተው ተመለሱ። በዚያ አዳራሽ ያን ያህል ሰው አይተው እንደማያውቁ ሚስ ሩት ሲናገሩ ነበር። ኩገሉን መልሰው ኦቨን ውስጥ ከተቱት፤ እንደ ድሮው አልሆነልኝም ብለው አዝነው ነበር፤ አንድ ቁራጭ አልተረፈም።

ሮኬቱን ረቢው ለጨረታ አወጣው። ወላጆቹ ተጫረቱ፤ ልጆቹ ወላጆቻቸውን ይጎተጉታሉ። ሚስተር ሶል ግን ከማንም በላይ ዋጋ እየጠሩ ሄዱ፤ ማንም ሊደርስባቸው አልቻለም። የራሳቸውን ስጦታ ራሳቸው ገዙት። ተቀብለውም ከሕዝቡ ፊት ባትሪውን አውጥተው ኪሳቸው ከተቱ። እንደዚያ ዓይነት ጭብጨባ ሰምቼ አላውቅም።

ከባዛሩ በኋላ ሚስ ሩት ሻይ ይዘውልኝ መጡ። "ያን ጊዜ ስትገቢ ምን ነበር ያልሽው?" አሉኝ። ነገርኳቸው። ደጋግመው ተለማመዱት። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሽማግሌዎቹ በበሩ ሲገቡ አንድ በአንድ፣ በፈገግታ፣ "ውጡ!" እያሉ ሰላም ይሉኝ ጀመር። ሰላምታ አለመሆኑን ለማስረዳት ሞክሬ ነበር። ኋላ ተውኩት።

ያች ቀን ካለፈች ቆይታለች። ቦይለሩ ተቀይሯል፤ አሁን ሰዉ ካፖርቱን አውልቆ ይጸልያል። የካምፓኒው ልጆች "ባለ ሮኬቷ" ይሉኛል፤ መጀመሪያ ይከፋኝ ነበር፤ አሁን እኔም አብሬ እስቃለሁ። የታሸገ ፌስታል ሳይ ዛሬም ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ እላለሁ። ነገም እንደዚያው ያለ ነገር ብሰማ እጮሃለሁ፤ በየትኛው ቋንቋ እንደሚወጣልኝ ግን አላውቅም። ተሳስቼ በመገኘቴ ስንት ጊዜ ፈጣሪን እንዳመሰገንኩ ባለቤቴ ያውቃል።

እሑድ እሑድ ልጆቹ ከትምህርት ሲወጡ በሩን የምከፍትላቸው እኔ ነኝ። እየተገፋፉ፣ እየተጯጯሁ፣ ኮፍያቸውን እየጣሉ ይወርዳሉ። "ቀስ በሉ፣ አትሩጡ" እላቸዋለሁ። አይሰሙኝም። ባይሰሙኝ ደስ ይለኛል።